ስለ እልፍኝ እሳትና በእርሱ ፈንታ ሊመረጥ ስለሚገባው ሙቀት

የብርዱ ወራት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች በገባ ጊዜ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት ወይም በለጋምቦ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞረው ወደ እሳቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙና ዝናሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥም ውርጩ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሕዝብ እሳትን ከእንጀራ ቀጥሎ የሚፈለግ ነገር አድርጎታል። ስለዚህ የጤና መሥሪያ ቤት «እሳቱን ከእልፍኝ አውጡ» ብሎ ተናግሮ፣ በፈንታው ምን እንደሚገባ ሳይገልጽ ቢቀር፣ ቃሉን የሚሰማው ባይገኝ አያስደንቅም።

በዚህ ወር ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ከመምህራንና ከከተማው ነዋሪዎች ደጋግሞ የቀረበልን ነው። አዲስ የቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ግድግዳውን በኖራ ያስቀባ፣ የእንግዳ መቀበያውን በወንበርና በስጋጃ ያሰናዳ ሰው፣ ጥላሸት የሚያለብሰውን የጉልቻ እሳት ወደዚያ ክፍል ማስገባት አይወድም። ብርዱ ግን እንደ ዱሮው ነው። እንግዲህ ለዐይን ያማረ፣ ጢስ የሌለበት፣ ደኑንም የማይጨርስ ምን ነገር ይመረጥ? ጥያቄው የጌጥ ጥያቄ ይመስላል። በእውነቱ ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ለራሱ ያገኘው መልስ፣ ይኸውም የከሰል ማንደጃ፣ ከዱሮው እሳት ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ነውና።

አስቀድመን በቤቱ መካከል የነበረው ምድጃ ምን ምን ይሠራ እንደ ነበር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሦስቱ ጉልቻዎች ወጥ ማብሰያ ብቻ አልነበሩም። እሳታቸው ቤቱን ያሞቃል፤ ማታ ብርሃን ይሰጣል፤ ቤተ ሰቡንና ጎረቤቱን በዙሪያው ይሰበስባል፤ የራሰ ልብስ ያደርቃል፤ ጢሱም ወደ ላይ ወጥቶ በሣር ክዳኑ ውስጥ ሲያልፍ ተባይን ከማገሩና ከሣሩ ያርቃል። አያቶቻችን በጢስ ውስጥ የኖሩት ባለማወቅ ብቻ ነው የሚለውን ንግግር እኛ አንቀበለውም። ነገር ግን አንዱ እሳት ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራ የነበረ እንደ ሆነ፣ በአንድ ዕቃ ይተካል ብሎ ማሰብ አይገባም። ለማብሰያው ሌላ፣ ለሙቀቱ ሌላ፣ ለብርሃኑም ሌላ መፈለግ ያሻል። ሰው የሚሳሳተው ይህን ሁሉ የሚሠራ አንድ ያማረ ነገር ከገበያ አገኛለሁ ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ከዚህም ጋር የቤቱ ጣራ መለወጡን መዘንጋት አይገባም። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ ጢሱ ቀስ እያለ በሣሩ መካከል ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ቶሎ አያመልጥም፤ ሣሩ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ እንደ ወፍራም ጋቢ ነው። ቆርቆሮ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጢሱን አያሳልፍም፣ ሙቀቱን ግን አያቆይም፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ እርሱም ከውጭው ብርድ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ንጋት ላይም የቤቱ እርጥበት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በሣር ቤት ይነድ የነበረውን ያህል እሳት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያነደደ ሰው፣ ጢሱ ይበዛበታል፣ ሙቀቱ ግን ያንሰዋል። ይህን ሳያስተውል «የቆርቆሮ ቤት ብርድ ነው» እያለ ማገዶ የሚጨምር ብዙ ነው።

ጢስ ማለት እንጨት ወይም ኩበት ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር የሚተርፈው ነው። በውስጡ ከጠጉር እጅግ የቀጠኑ ብናኞች አሉ፤ ከእነርሱም ውፍረታቸው ከሚሊሜትር አራት መቶኛ እጅ የማይበልጡት በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዙ እስከ ሳንባው መጨረሻ ይወርዳሉ፣ ወደ ደም አልፈው የሚገቡም አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የእነዚህ ብናኞች የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ጉልቻ በሚነድበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን መጠኑ የሚቈጠረው በመቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በሺሕዎች ነው። ይኸው ድርጅት በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የሞቱትን ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቷቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ድካም፣ በአንጎል ውስጥ የሚፈጠር የደም መርጋት፣ የዐይን ሞራ፣ እነዚህ ሁሉ ከጢሱ ጋር ይያያዛሉ። ሲጋራ በአፏ ያልነካች እናት በሃምሳ ዓመቷ እንደ ዱሮ አጫሽ እያሳለች ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ አራስ ቤት ዘርዘር አድርገን መናገር እንወዳለን። አራሷ እንዳይበርዳት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ መስኮት ካለም በጨርቅ ይደፈናል፣ እሳቱም ከመኝታዋ አጠገብ ቀንና ሌሊት ይነዳል። ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ብርድም ለጨቅላ በእርግጥ ያሰጋል፣ ይልቁንም ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ። ነገር ግን ጤነኛ ጨቅላ በአንድ ደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይህም ከአዋቂ ሰው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተኙት ሁሉ ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲመዘን ብዙ ጢስ የሚስበው፣ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ እሳቱ የነደደለት እርሱ ራሱ ነው።

ለጨቅላ ከእሳት የሚበልጥ ማሞቂያ አለ፤ እርሱም የእናቱ ገላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች፣ ቀናቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን የማሞቂያ መሣሪያ ባጠራቸው ጊዜ፣ ሕፃኑን ልብሱን አውልቀው በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ከቆዳዋ ጋር እንዲገናኝ አድርገው በጨርቅ አሰሩት። ይህ ዘዴ ዛሬ በዓለም ሁሉ፣ በአገራችን ሆስፒታሎችም ጭምር ይሠራበታል። በሙሉ ጊዜው ለተወለደውም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ ማድረግ ይጠቅማል። ራሱን በቆብ መሸፈን፣ የራሰ ጨርቅ ሳይቆይ መለወጥ፣ ገላውንም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን አለማጠብ ይገባል። ለአራሷ ጋቢና ትኩስ አጥሚት ይቅረብላት፤ እሳቱ ግን ወደ ማድ ቤት ይሂድ። ይህን ለአማትና ለእናት ማስረዳት ጥበብ ይጠይቃል፤ «እናንተ ያደረጋችሁት ክፉ ነበር» ብሎ የጀመረ ሰው ከደጃፍ ተመላሽ ነው።

እሳቱ በወለል ላይ ሲሆን ሌላም አደጋ አለበት። መዳኽ የጀመረ ሕፃን ረመጡን ከአመድ አይለይም። ይልቁንም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ ሲነሣባቸው ወደ እሳቱ እየወደቁ ብርቱ ቃጠሎ እንደሚደርስባቸው በአገራችን ገጠር የሚሠሩ ሐኪሞች በሚገባ ያውቃሉ። ነገሩን የሚያከፋው፣ በሽታው በመንካት ይጋባል የሚለው እምነት ነው፤ በዚህ ምክንያት የወደቀውን ሰው ከእሳቱ ለመሳብ እጅ የሚሰበስብ አለ። የሚጥል በሽታ በመንካትም፣ በለሃጭም፣ በትንፋሽም አይጋባም። መምህራን ይህን አንድ ነገር ብቻ በክፍል ውስጥ ቢያስተምሩ ታላቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ። የከሰል ማንደጃ ጢስ ስለሌለው፣ ፍሙም ለዐይን ደስ ስለሚል፣ ከክፍል ወደ ክፍልም ስለሚዞር፣ ለዘመናዊ ቤት የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከፍሙ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር አለ። ይህ አየር አይታይም፣ አይሸትም፣ ዐይን አይቆጠቁጥም። የእንጨት ጢስ ቢያንስ ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰውን ከመኝታው አንሥቶ በር ያስከፍታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የተኛውን አያነቃውም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ከገባ በኋላ ኦክሲጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱም ቢሆን በሌሊቱ ርዝመት ይጠራቀማል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በእኛ ደጋ ነገሩ የባሰ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፣ ከመጀመሪያውም የምናባክነው የለንም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መድከም ነው። በአንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው «ብርድ መታን» ብለው እንደ ገና በር ዘግተው አይተኙ፤ ማንደጃውን ይጠርጥሩ። ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ቢኖር፣ የሚረዳው ሰው ትንፋሹን ይዞ በሩንና መስኮቱን ይክፈት፣ ሰውየውንም ፈጥኖ ወደ ውጭ አየር ያውጣ፣ ከዚያም ኦክሲጅን ወደሚገኝበት ጤና ተቋም ያድርሰው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ ማጠጣት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ ጥፋት ይሆናል። ሌሊት መስኮት ጥቂት ገርበብ ማድረግ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኛ ግን በተኛ ሰው አጠገብ ከሰል ጨርሶ አይደር እንላለን፤ የመስኮቱ ቀዳዳ ምን ያህል ቢሆን እንደሚበቃ በእጅ ሊለካ የሚችል የለምና።

እልፍኛቸውን በእሳት ማሞቅ የለመዱና በኋላ ለመተው የተገደዱ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እንግሊዞች በእንግዳ መቀበያቸው ግድግዳ ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚነድበት ምድጃ ነበራቸው፤ በእርሱም እጅግ ይኮሩ ነበር፣ ያለ እርሱ ቤት ቤት አይመስላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1952 ለንደን ላይ ለአምስት ቀን ነፋስ ጠፋ፤ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የወጣው ጢስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ በከተማይቱ ላይ ተኛ። በዚያን ጊዜ የተቈጠረው ሙት 4,000 ያህል ሲሆን፣ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት እስከ 12,000 ያደርሱታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ በከተሞችም ጢስ አልባ ሰፈሮች ተከለሉ። እኛ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በገባንባቸው አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ምድጃዎች እሳት የማይነድባቸው፣ የአበባ ማስቀመጫ የቆመባቸው ነበሩ። ጌጡ ቀርቷል፣ ጢሱ ሄዷል። እዚህ ላይ ግን ልዩነት እንዳለ መናገር ይገባል፤ የእንግሊዞቹ ጢስ በጢስ ማውጫ በኩል ወጥቶ ከተማውን በከለ፤ የእኛ ግን ከቤቱም አልወጣም።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

መጀመሪያ ማብሰያው ከእልፍኝ ይለይ። ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በሁለት ትይዩ ወገን መስኮት ያለው፣ ከጣራው በታች ጢስ የሚወጣበት ክፍት ቦታ የተተወለት ማድ ቤት መሥራት ከሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው። ከቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለ ሆነ፣ ለእርሱ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ይጠቅማል። ይህ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ወደ ገበያ የወጣ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚጋገረው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ከበስተኋላውም በሚወጣው ትኩሳት ድስት የሚጣድበት ቦታ አለው። ሴቶች የሚወዱለት ሌላ ነገር፣ ነበልባሉ እግርና ፊት አለመለብለቡ ነው። ሲገዙ ጢስ ማውጫ ቱቦ ሊገጠምለት የሚችለውን መምረጥ ይሻላል።

ይሁን እንጂ በምድጃ ላይ ከሚገባው በላይ ተስፋ እንዳይጣል እንፈልጋለን። በጓቲማላ ደጋ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለተሰጣቸው ቤተ ሰቦች የተደረገውና በ2011 የታተመው ጥናት፣ ሕፃናቱ የሚስቡት ጢስ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ፣ ብርቱው የሳንባ ምችም እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በማላዊ ግን ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ይዞ በ2016 የታተመው ጥናት፣ ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕፃኑ ጢስ የሚያገኘው ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሚቃጠለው ጥራጊ፣ ከትምባሆና ከጎረቤትም ጭምር መሆኑ ነው። ስለዚህ ማገዶ የሚቆጥብ ሁሉ ሳንባን ያድናል ማለት አይደለም። ምርጥ ምድጃ ገዝቶ በእልፍኙ መካከል የተከለ ሰው ደኑን ጠቅሞ ልጁን አልጠቀመም።

ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ አሳባችን ከብዙዎቹ አንባቢዎች ይለይ ይሆናል። ለመካነ ሰላም ቤት ከሁሉ የተሻለው ማሞቂያ የሚነድ ነገር አይደለም ብለን እናምናለን። ቤቱ ራሱ ይሙቅ። በእኛ አገር ብርዱ የሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐይ በብርቱ ትወጣለች፤ ቁም ነገሩ የቀኑን ሙቀት እስከ ንጋት ማቆየት ነው። ገንዘቡን በየሳምንቱ ለከሰል ከማውጣት ይልቅ አንድ ጊዜ ለኮርኒስ ያወጣ ሰው ይጠቀማል። ኮርኒሱ ከጣውላ ወይም ከችፑድ ቢሆን መልካም ነው፤ አቅም ላነሰው በእንጨት ላይ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት በኖራ ተቀብቶ ከቆርቆሮው ጤዛና ብርድ በእጅጉ ይጠብቃል፣ ክፍሉንም ብሩህ ያደርገዋል። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ሁለት ጊዜ ይለሰን፤ በግድግዳና በጣራ መካከል ያለው ቀዳዳ ይደፈን። እሳት በማይነድበት ክፍል ቀዳዳ መድፈን አያሰጋም፤ እሳት በሚነድበት ግን መቃብር መቆለፍ ነው። ሁለቱን አንባቢ እንዲለይ አደራ እንላለን። መስኮቱም በቀን ይከፈት፤ የሳንባ ነቀርሳ የሚፈራው የሚዘዋወር አየር ነውና።

አዲስ የሚሠራ ሰው የእልፍኙን መስኮት ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ያድርገው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ስለምትሄድ በዚያ መስኮት ትገባለች፤ የጭቃውና የድንጋዩ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። በለጋምቦ በኩል የሚታየው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በዚህ ረገድ ከከተማው ስስ ግድግዳ ይበልጣል፤ ከተሜው የገጠሩን ቤት ሲንቅ ይህን አላየም።

ለዐይን ማማርም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የበግ ጠጕር ምንጣፍ፣ አጎዛ፣ ባና፣ በበሩ ላይ የተሰቀለ ወፍራም መጋረጃ፣ እነዚህ ሁሉ ሙቀት ያዦች ናቸው፤ በወሎ ደጋ በግ እያለ ጌጥ ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም። ለመኝታ የሚሆነውን ደግሞ በውጭ አገር ያየነውና እዚህም ያለ ወጪ የሚሠራው ነገር፣ ሙቅ ውኃ በጠንካራ ጠርሙስ ወይም በትንሽ ጀሪካን ተሞልቶ፣ በደንብ ተከድኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ሥር ከእግር በኩል ማስቀመጥ ነው። ቆዳ እንዳያቃጥል ጨርቁ ይደረብ፤ ለሕፃን ግን ከመተኛቱ በፊት አልጋውን አሙቆ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

ብርሃን ቀላሉ ነው። መብራት ባለበት መብራት፣ በሌለበት በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ የኩራዝን ቦታ በሚገባ ይይዛል። ኩራዝ ትንሽ ቢመስልም ለሚያጠና ተማሪ በአፍንጫው ሥር የሚነድ ጢስ ነው። የላምባ ማሞቂያም የዚያው ወገን ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላምባን በቤት ውስጥ ማንደድ እንዲቀር መክሯል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጢስም ካርቦን ሞኖክሳይድም የለውም፤ ስለ ጤና ብቻ ቢሆን ሌላ ባላሻን ነበር። በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው። ከቦረና ገደል ሥር የሚያልፈው ዓባይ፣ ከዚያ ርቆ በሄደበት ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራውን ግድብ ይሞላል። ነገር ግን የግድቡ ታላቅነት የቤታችንን ሽቦ አያወፍረውም። ማሞቂያው ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከ3,000 ዋት በላይ ይስባልና፣ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ሁለቱን የሰካ ሰው ጢሱን ሸሽቶ ቃጠሎ ጠራ። በባለሙያ የተዘረጋ፣ በቂ ውፍረት ያለው መስመር ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት ማታም አይታጣም፤ ስለዚህ ኮርኒሱና ጋቢው ሳይሟሉ በማሞቂያ ብቻ የሚታመን አይኑር።

እሳት ማየት የሚወድ፣ አቅምም ያለው ሰው፣ በር ያለው የብረት ምድጃ በቱቦ ጢሱን ከጣራው ጫፍ በላይ የሚያስወጣ ሆኖ ቢያሠራ አንቃወምም። በግድግዳ ውስጥ ከሚሠራው ክፍት ምድጃ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ክፍቱ ለፎቶግራፍ ያማረ ቢሆንም አብዛኛውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይሰዳል፣ የክፍሉንም ሙቅ አየር ይዞ ይወጣል። እንጨቱ ተፈልጦ ቢያንስ ለስድስት ወር የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ይጤሳል፣ ቱቦውንም በጥላሸት ይደፍናል። ከአስታና ከኮሶ፣ ከጽድም እንዳይሆን እንለምናለን። በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው፣ ቀድሞ የደንቆሮ ደን ይባል የነበረውና ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደን፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ለዚህ አገር ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ኩበትም ቢሆን ከምድጃ ይልቅ ለማሳ ይገባል፤ የተቃጠለ ኩበት ለእህሉ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይዞ ይሄዳል።

ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ በሚወጣው ኢታኖል የሚሠራ ማብሰያም በአገራችን ተሞክሯል፤ ነበልባሉ ንጹሕ ነው። ነዳጁ በየገበያው በማይገኝበት ከተማ ግን ምድጃውን ብቻ መግዛት ጥቅም የለውም። በአውሮፓ ለጌጥ ብለው በእልፍኝ የሚያነዱት የኢታኖል ምድጃም ጢስ ማውጫ ስለሌለው የክፍሉን ኦክሲጅን ይበላል፤ መስኮት ሳይከፈት አይነደድም።

የቀረው የመሰብሰቡ ነገር ነው፤ ይህም በወሎ ያለ ቡና አይታሰብም። ቡናውን ማንም እንዲተው አንጠይቅም፤ ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ የታመመው የሚታወቅበት እርሱ ነውና። ከሰሉ በውጭ ተያይዞ፣ ፍም እስኪሆን ድረስ በውጭ ይቆይ፤ ሲቀጣጠል የሚወጣው መርዝ ብዙ ነው። ከዚያ ገብቶ ከተከፈተው በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች ከማንደጃው ራቅ፣ ወደ በሩም ቀረብ ብለው ይቀመጡ። አቦልና ቶና ተጠጥቶ በረካው ከተቀዳ በኋላ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ብዙ ቤት ለነገ እሳት እንዲሆን ፍሙን በአመድ ዳፍኖ በክፍሉ ጥግ ማሳደር ልማድ ነው፤ የተዳፈነ ፍም ግን እስኪነጋ ድረስ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ማውጣቱን አይተውም። መዳፈን ግድ ከሆነም ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ሕፃን በማይደርስበት፣ ነፋስም በማያገኘው በማድ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ይዳፈን፤ ጠዋት እሳት ለመጫር አንድ ክብሪት ይበቃል።